ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሂተር ለጅማ የእንጨት ቤት፦ ዕቃው ደህና ነው፣ አብሮት የሚመጣው ማሰሪያ ግን ለሌላ ቤት ነው

ጅማ ውስጥ ሂተር ዓመቱን ሙሉ አይፈለግም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ቀኑ ሞቅ ያለ ነው። የሚያስቸግረው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊትና የማለዳ ብርድ፣ እንዲሁም ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚከርመው እርጥበት ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ አጭር አገልግሎት መሬት ላይ ተቀምጦ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ብዙ ሰው አይወድም፤ ሄርማታ መርካቶ ገብቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ይጠይቃል። ዕቃው አለ። ችግሩ ሳጥኑ ውስጥ ያለው መመሪያም ሆነ መስቀያ ለብሎኬትና ለኮንክሪት የተሠራ መሆኑ ነው። የጅማ ቤት ደግሞ ብዙው በባሕር ዛፍ ቋሚና በማገር ቆሞ በጭቃ የተለሰነ፣ አለዚያም በጣውላ የተለበጠ ነው፤ ውስጡን በቺፑድ የከፋፈለውም ጥቂት አይደለም።

ገበያው ላይ የሚሰቀል ተብሎ የሚሸጠው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በቀይ የሚያበሩ ዘንጎች ያሉት፣ ኳርትዝ ወይም ሃሎጅን የሚባለው ነው። ርካሽ ነው፣ ወዲያው ያሞቃል፤ ለእንጨት ቤት ግን አይሆንም። ሙቀቱን በጨረር ወደ ፊት ስለሚልክ ከፊቱ ያለውን ሁሉ፣ ሶፋም ይሁን መጋረጃ፣ በቀጥታ ይመታል። አብዛኛውን ጊዜ መመሪያው ከወለል 1.80 ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ እንዲሰቀል ይላል። ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይም ማዳበሪያ በሆነ ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ 1.80 ላይ ሰቅሎ ከላይ በቂ ርቀት ማግኘት ከባድ ነው። ክፍት በረንዳ ላይ፣ የብረት ቋሚ ላይ ከሆነ ይሁን፤ ከዚያ ውጪ ሻጩ ቢያሞግሰውም ይለፉት።

ሁለተኛው የኤርኮንዲሽነር መልክ ያለው፣ በሪሞት የሚሠራ፣ ከውስጥ ሴራሚክና ፋን ያለው ነው። ጀርባው ብዙ ስለማይሞቅ ለእንጨት አይከፋም። ድክመቱ አቧራ ነው። ኮብልስቶን ያልደረሰው ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት በበጋ ወንፊቱን በየሁለት ሳምንቱ ካላጸዳ አየሩ ይታፈናል፤ ያኔ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያጠፋው መከላከያ ይቆርጠውና ሰው "ተበላሸ" ብሎ ይመልሰዋል። ፋኑም ድምፅ አለው፤ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው መኝታ ክፍል ውስጥ አይወደውም።

ሦስተኛው ኮንቬክተር ነው፤ ይህ ግምገማ በዋናነት የሚመለከተውም እሱን ነው። ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ነው፦ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይገባል፣ ሞቆ ከላይ ባለው ወንፊት ይወጣል። አያበራም፣ አይጮህም። በተለያየ ስም ይሸጥ እንጂ ብዙው 750፣ 1250 እና 2000 ዋት የሚል ሦስት ደረጃና የሚዞር ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) አለው። ክብደቱ እንደ ሥራው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ነው። 12 ካሬ ሜትር ለሆነች፣ ኮርኒስ ላላት ክፍል 1250 ዋቱ ይበቃል። ኮርኒስ ለሌለው፣ ከላይ ቆርቆሮው ለሚታይ ቤት 2000ውም አይበቃም፤ ሙቀቱ በቆርቆሮው ያልቃል። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ ኮርኒስ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

ሱቅ ውስጥ የማሸጊያ ሳጥኑን ሳያስከፍቱ አይውሰዱ። መጀመሪያ የላይኛውን ወንፊት ይዩ፦ ወደ ፊት ያዘነበለ ከሆነ ሞቃቱ አየር ከግድግዳው ይርቃል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያይ ከሆነ ግን ግድግዳውን እየላሰ ይወጣል። ለእንጨት የመጀመሪያውን ይምረጡ። ቀጥሎ ገመዱ ላይ የታተመውን ያንብቡ፤ ለ2000 ዋት 3×1.5 የሚል ይሻላል፣ 3×1 ካለ ይታለፋል፣ ከዚያ ከቀጠነ ግን ይተዉት። ስፒናው ጎንና ጎኑ ላይ የግራውንድ ብረት ሊኖረው ይገባል። ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ይዞ የመጣ የብረት ሳጥን ከሆነ ሻጩ በነፃ ቢሰጥዎትም አይቀበሉ። ከዚያ ዕቃውን ቀስ አድርገው ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ ማሞቂያው ከመያዣው ወልቋል ማለት ነው። በመጨረሻ ሶኬት ላይ ሰክተው ያሳዩዎት፣ ሦስቱንም ደረጃ።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን 2000 እንዳለ አይመኑ። አንዳንዱ 2000 የሚሰጠው በ240 ቮልት ነው፤ በእኛ 220 ላይ 1680 ገደማ ይሆናል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ ደግሞ ያው ዕቃ ከ1150 ዋት አይበልጥም፤ ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ነውና። "ሂተሩ ደከመ" የሚለው ቅሬታ አብዛኛው መነሻው እዚህ ነው።

ወደ አሰቃቀሉ እንግባ። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ወይም አራት የፕላስቲክ ፊሸርና ያንኑ የሚያህል አጭር ቪቴ ታገኛላችሁ። ፊሸር የሚሠራው ሲነፋ የሚገፋው ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ነው። ጭቃ ውስጥ ሲነፋ ጭቃውን ይፈረፍረዋል፤ ቺፑድ ውስጥ ደግሞ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ይመስላል፣ ሰው ገመዱን ሁለቴ ሲስብ ወይም በሩ ሲላተም መላላት ይጀምራል። ሂተሩ በአንድ ጎኑ ዘንበል ካለ አየሩ በትክክል አይወጣም፣ ጀርባውም ግድግዳውን ይነካል። ስለዚህ ፊሸሩን አስቀምጡት፤ መስቀያ ብረቱን ብቻ እንጠቀምበታለን።

የጣውላ ግድግዳ ቀላሉ ነው። ጣውላው ራሱ 2 ወይም 2.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ብቻውን መያዣ አይሁን፤ ከኋላው ያለውን ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀውን እንጨት) ፈልጉ። ፍለጋው ዓይን ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ ጣውላው የተመታበት የሚስማር ራስ በአንድ መስመር ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሞራሌው ከዚያ መስመር ኋላ ነው። ከሚስማሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ፈቀቅ ብላችሁ፣ የትራፓኖውን መዶሻ አጥፍታችሁ በ3 ሚሊ ሜትር ብረት ብሱ፤ 5×60 የእንጨት ቪቴ ግጠሙ። ሳይበሱ በጉልበት ማስገባት ደረቅ ባሕር ዛፍን ይሰነጥቃል፤ የተሰነጠቀ እንጨት ዛሬ ቢይዝም በበጋ ሲኮማተር ይለቃል።

የጭቃው ቤት ነው ሥራ የሚፈልገው። ምርጊቱና ልስኑ ከቋሚው በላይ 3፣ 4፣ አንዳንዴም 5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቪቴው እንጨት ውስጥ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር መግባት ስላለበት ርዝመቱ ልስኑን ጨምሮ 80 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቋሚው የት እንዳለ በጣት አንኳኩቶ መለየት ይቻላል፦ በቋሚው ላይ ድምፁ ይደፈናል፣ በማገሩ መሃል ግን ክፍት ይላል። ከዚያ በቀጭን ብረት ሙከራ ብሱና የሚወጣውን ዱቄት መዳፍ ላይ ያዙት። መጀመሪያ የጭቃው አፈር ይወጣል፤ ቀጥሎ የተጠቀለለ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ የእንጨት ፍቅፋቂ ከወጣ ቋሚው ጤነኛ ነው። ብረቱ ድንገት ሸሽቶ ከገባና ቡናማ፣ አፈር የመሰለ ብናኝ ብቻ ከወጣ ምስጥ በልቶታል፤ ያ ቋሚ ሂተር ቀርቶ ሰዓትም አይስቀልበት። ምስጥ ከመሬት ተነስቶ ወደ ላይ ስለሚሄድ ሙከራውን የታችኛው ቪቴ በሚያርፍበት ቦታ መጀመር ጥሩ ነው።

ቋሚዎቹ በእኩል ርቀት አይቆሙም፣ የሂተሩ መስቀያ ቀዳዳ ደግሞ ርቀቱ የተወሰነ ነው። ሁለቱ እንዲገጥሙ መጠበቅ ከንቱ ነው። መፍትሔው ብረታ ብረት ቤት ሄዶ 30×3 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ሁለት ማስቆረጥ ነው፤ ከቋሚ እስከ ቋሚ ደርሶ በሁለቱም በኩል 5 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ። ጸረ ዝገት ቀቡት። ብረቶቹ አግድም ሆነው በረጅሙ ቪቴ ከቋሚዎቹ ጋር ይያዛሉ፣ የሂተሩ መስቀያ ደግሞ ብረቶቹ ላይ በ6 ሚሊ ሜትር ብሎንና ዳዶ ይታሰራል። የብሎኑ ራስ በጀርባ በኩል ስለሚሆን ብረቶቹ ግድግዳው ላይ ከመውጣታቸው በፊት መስቀያውን መሬት ላይ እሰሩት። ቪቴው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሰፊ ሮንዴላ አስገቡበት፤ ስታጠብቁ ልስኑ መሰንጠቅ ሲጀምር አቁሙ። አንዳንድ ሠራተኛ በብረቱ ፋንታ ጣውላ ያደርጋል። ይይዛል፣ ግን ከሂተሩ ጀርባ እንጨት መጨመር ምን ይረባል? ብረቱ ዋጋው ከዚያ ብዙ አይበልጥም።

ቦታውን ስትመርጡ ከወለል 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎንና ከጎን 30፣ ከፊት አንድ ሜትር ክፍት ይሁን። ከላይ መደርደሪያ፣ የመስኮት መጋረጃ ጫፍ፣ ሶኬት አይኑር፤ መመሪያው ከዚህ የሚበልጥ ርቀት ካዘዘ የሱን ያዙ። ከጀርባ መስቀያው ራሱ የሚተወው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ፤ ያ ክፍተት የአየር መንገድ ስለሆነ በምንም አይደፈን። ጅማ ላይ በተለይ ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛው አጎበር ነው። አጎበር የሚሠራው ከፖሊስተር ወይም ከፖሊኤቲሊን ክር ስለሆነ ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል፤ ቀን ተጠቅልሎ ከአልጋው ራስጌ የሚንጠለጠለው አጎበር ሌሊት ሲወርድ የት እንደሚደርስ አውርዳችሁ ለኩ፣ ከዚያ ነው ቦታ የሚመረጠው። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጋዜጣና ካላንደር ነው። ከሂተሩ ጀርባና ከላዩ እስከ ኮርኒሱ ድረስ ያለውን ይላጡ።

እንጨት በአንድ ጊዜ ለመቀጣጠል ከ250 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ኮንቬክተር ጀርባ ላይ ይህን ያህል ሙቀት የለም። አደጋው ሌላ ነው። ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ወራትና ዓመታት ሲመላለስበት እንጨት ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ የሚቀጣጠልበትም ሙቀት እየወረደ ይመጣል። ስለዚህ ሂተሩ ተሰቅሎ በ2000 ዋት ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ከወንፊቱ በላይ ያለውን ግድግዳ በመዳፍ ንኩት። እጅ ለማቆየት የሚያስቸግር ከሆነ መከለያ ያስፈልጋል። መከለያው ላሜራ ነው፤ ግን ብዙ ቦታ የሚታየው፣ ላሜራውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ በሚስማር መምታት፣ ምንም አይጠቅምም። ብረት ሙቀቱን ተቀብሎ ለእንጨቱ ያስረክበዋል። ላሜራው ከእንጨቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከታችም ከላይም ክፍት ሆኖ መቆም አለበት፤ ከኋላው የሚወጣው አየር ነው ግድግዳውን የሚያቀዘቅዘው። ለማራራቂያ የውሃ ቱቦ ብረት በ2.5 ሴንቲ ሜትር እየቆረጡ ቪቴውን በመሃሉ ማሳለፍ ይቻላል፤ ቪቴዎቹ ከላሜራው ጠርዝ አጠገብ እንጂ ከሂተሩ ቀጥታ ጀርባ አይሁኑ።

እስካሁን ያለው ሁሉ ተሟልቶ እንኳ የእንጨት ቤትን የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ሂተሩ ሳይሆን ሶኬቱ ነው። 2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። ቴሌቪዥን ለዓመታት ያንቀሳቀሰ የላላ ሶኬት ይህን ሲሸከም መገናኛው ይግላል፣ ሲግል ይበልጥ ይላላል። ምልክቱን ስፒናው ላይ ታዩታላችሁ፦ አንደኛው እግር ብቻ ደብዝዞ ወደ ሰማያዊና ጥቁር ይሄዳል፣ ዙሪያውን ያለው ነጭ ፕላስቲክ የሻይ ቀለም ይይዛል። እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰ ሶኬት አይጠገንም፤ ስፒናውም ሶኬቱም አብረው ይቀየራሉ። አንዱን ብቻ መቀየር አዲሱን በአሮጌው ማበላሸት ነው።

ለሂተር የሚሆነው ባለ 16 አምፔር፣ ግራውንድ ያለው ሶኬት ነው፤ መስመሩ ከማከፋፈያው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ፣ ብሬከሩ 16። ለመብራት ከተዘረጋ 1.5 ሽቦ ላይ አይቀጠል። ዲቫይደር ላይ መሰካት ፈጽሞ አይሆንም፤ በገበያ ያለው ዲቫይደር ውስጡ የሚሠራበት ቆርቆሮ ለስልክ ቻርጀር እንጂ ለዚህ አልታሰበም። ብሬከሩ ሲወድቅ ወደ 25 ማሳደግ ደግሞ የተለመደ መድኃኒት ሆኗል። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ እሱን ካሳደጉት የሚቀልጠው ሽቦው ይሆናል፣ ሽቦው ደግሞ እንጨት ውስጥ ነው ያለው።

የምጣድ መስመር ያለው ቤት "ወፍራም ሽቦ አለኝ" ብሎ ከዚያ ይቀጥላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ሁለቱ አብረው አይሠሩም። ይህን ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀው በምጣዱ መስመር ላይ ያለው ብሬከር 25 ወይም 32 መሆኑ ነው፤ የሂተሩ ቀጭን ገመድ ቢቃጠል ያ ብሬከር አይሰማም። ከዚያ መስመር መቀጠል ግድ ከሆነ ለሂተሩ የራሱ 16 ይጨመርለት።

ሽቦው በእንጨቱ ላይ ወይም ውስጥ ሲያልፍ በኮንዲዩት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ይሁን፤ አይጥ ፕላስቲኩን ይበላል፣ የማገሩ ሚስማርም ይቆርጠዋል። ሁለት ሽቦ አጠማዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ ግድግዳ ውስጥ መቅበር አይፈቀድ፤ ቅጥል ካለ ጀንክሽን ቦክስ ውስጥ፣ በሞርሴቶ (በቪቴ የሚጠብቅ የሽቦ ማገናኛ) ታስሮ፣ ክዳኑ በሚከፈትበት ቦታ ይሁን። ግራውንድ የሌለው የቆየ ቤት ከሆነ የብረት ሳጥን ያለው ኮንቬክተር ከመሰቀሉ በፊት የግራውንድ ዘንግ ይተከል፣ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጠው ብሬከርም ይጨመር። በክረምት እርጥብ ግድግዳ ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም። ይህን ክፍል ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሻን ይስጡ፤ ሂተሩን የመስቀሉን ሥራ ግን አናጢም ይሠራዋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነውን ሻጭ አይነግራችሁም። በእጅ የሚዞር ቴርሞስታት ያለው ኮንቬክተር መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ሰው ሳያጠፋው ተኝቶ ወይም ወጥቶ ከሆነ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብቻውን ይበራል። በሪሞት የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ይቆያል፤ በዚህ አንድ ነገር ከኮንቬክተሩ ይሻላል። ኮንቬክተር ያለው ሰው መብራት እንደጠፋ ስፒናውን ይንቀል።

ወጪውን በተመለከተ በ1250 ዋት በቀን 3 ሰዓት ቢሠራ 3.75 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ በወር ወደ 112። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር ወደ ውዱ እርከን ስለሚወጣ ካርዱ ቶሎ ሲያልቅ አይግረማችሁ። ክፍሉ ከሞቀ በኋላ ወደ 750 መመለስ ይበቃል። ልብስ ወንፊቱ ላይ አታድርቁ፤ ውሃው ይንጠባጠባል፣ አየሩም ይታፈናል፣ መከላከያውም ደጋግሞ ሲቆርጥ ይደክማል። ቴርሞስታቱ ሲቆርጥ ቀጭን ጠቅታ ሰምታችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ሳጥኑ በጣም ግሎ ቆርጦ ረጅም ጊዜ ከቆየ ግን ያ መከላከያው ነው፤ ምክንያቱ ሳይገኝ መልሳችሁ አታብሩት።

ቺፑድ በከፋፈለው የኪራይ ክፍል ለሚኖር ሰው የምንመክረው አለመስቀልን ነው። ቺፑድ ከኋላው ሞራሌ ከሌለ ቪቴ አይዝም፣ እርጥበት ሲጠጣም ያብጣል፣ አከራይም ቀዳዳ አይወድም። ባለ ዘይቱን፣ በጎማ የሚንቀሳቀሰውን ሂተር መሬት ላይ ያቁም፤ ቀስ ብሎ ያሞቃል፣ ግን ሲጠፋም ሙቀቱ ይቆያል።

የሰቀለ ሰው ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ከማብራቱ በፊት፣ ስፒናውን ነቅሎ አቧራውን በብሩሽ ያውጣና ቪቴዎቹን በካቻቪቴ ይሞክር። የጅማ እንጨት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ሩብ ዙር መጥበቅ የተለመደ ነው። ቪቴው እየዞረ የማይጠብቅ ከሆነ ቀዳዳው ለቋል፤ ወይ ረዘም ያለ ቪቴ፣ ወይ 5 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ አዲስ ቀዳዳ ያስፈልጋል። የክብሪት እንጨት ጠቅጥቆ መልሶ መግጠም ለመጋረጃ ዘንግ ይሠራ ይሆናል፣ ለሂተር አይሠራም።